ለቃጠሎ ቁስል «አንቲኦክሲዳንት ቅባት» ይሠራል ወይ? 2,400 ብር ተጠይቄያለሁ

የጉለሌዋ | ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ የዛሬ ዘጠኝ ቀን ቡና ስታፈላ ጀበናው ከምድጃው ተንሸራቶ ግራ እግሯ ላይ ተደፋባት። ከላይ በኩል ነው፣ ከጣቶቿ እስከ ቁርጭምጭሚቷ። ካልሲ አድርጋ ስለነበር ካልሲው ትኩሱን ይዞ ቆየ። እስክናወልቀው ድረስ ቆዳው ተልጦ አብሮ መጣ።

አንዷ ጎረቤት የጥርስ ሳሙና ይዛ ደረሰች። ሌላዋ የቡና ዱቄት። ሁለቱም ተቀባ። ከዚያ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ አጥበው ነጭ ቅባት ሰጡንና «በቀን ሁለቴ ቀቢያት» ብለው ሸኙን።

አሁን ከፊሉ ደርቋል። በትንሿ ጣት በኩል ግን ነጣ ያለ ቦታ አለ። እሱ ብዙም አያማትም፣ እየዳነ ይመስለኛል። ቴሌግራም ላይ አንድ ሻጭ «ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ እና ግሉታታዮን ያለበት አንቲኦክሲዳንት ቅባት፣ በ7 ቀን ቆዳ ይመልሳል» ይላል። 2,400 ብር ከነማድረሻው። ልግዛ ወይስ ልተወው?

ቀበና_ማዶ | ሰኞ ማታ

2,400?! በዚህ ብር ማር ገዝተሽ ለሰፈሩ ሁሉ ትቀቢያለሽ። ማር ቀቢላት፣ አለቀ።

የመድኃኒት_ቤቱ_ሰው | ሰኞ ማታ

መድኃኒት ቤት ስለምሠራ ይቺ ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ትመጣብኛለች። ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ሻጩ ሙሉ በሙሉ ውሸታም ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ጃክሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 የቃጠሎን ቁስል በሦስት ክብ ከፍሎ አሳይቷል። መሃሉ የሞተ ነው፤ ምንም ብትቀቢው አይመለስም። ዳር ዳሩ ቀልቶ ያበጠው በራሱ ጊዜ ይድናል። በሁለቱ መካከል ያለው ግን ገና አልለየለትም። ደም በደንብ አይደርሰውም፣ ግን አልሞተም። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ወይ ያገግማል ወይ ከመሃሉ ጋር ይሞታል። መጀመሪያ ቀን ቀላል የመሰለ ቃጠሎ በሦስተኛው ቀን ጠልቆ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚያ መሃል ሰፋሪ ክብ ላይ ነጭ የደም ሴሎች ይሰበሰባሉ። ጀርም ለመግደል ብለው ኃይለኛ የኦክስጅን ቅንጣቶች ይረጫሉ። ፍሪ ራዲካል የምንላቸው እነዚህን ነው። ሲረጩ ግን ወዳጅና ጠላት አይለዩም፤ የቆሰለውን ጤነኛ ሴልም ይለበልቡታል። አንቲኦክሲዳንት ማለት ይህን ግርፊያ የሚያበርድ ነገር ነው። እስከዚህ ድረስ ሻጩ ልክ ነው።

አሁን ቀኑን ቁጠሪ። ዘጠነኛ ቀንሽ ነው። ያ ክብ የሚሆነውን ሆኗል። አባቶች ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ዓይነት ነው።

ስለ ይዘቱም ልበል። ቫይታሚን ሲ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል፤ ቢጫ፣ ከዚያም ቡና ዓይነት ሆኖ ካየሽው አልቆለታል። ለፊት ተብሎ የሚሸጠው የቫይታሚን ሲ ሴረም ደግሞ አሲድነቱ ከባድ ነው። በተላጠ ሥጋ ላይ ማድረግ ሎሚ እንደመጭመቅ ነው። ሰውነት ቆዳ ለመሥራት ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል፣ እውነት ነው። እሱ ግን በብርቱካን፣ በቃሪያ፣ በጎመን በአፍ በኩል ይግባ። ግሉታታዮን እኛ አገር በብዛት የሚታወቀው ቆዳ ለማንጣት ነው፤ የተቃጠለ እግር ላይ ምን እንደሚሠራ ሻጩን ጠይቂልኝ።

ቫይታሚን ኢ ደግሞ በደንብ የተፈተነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ጥናት ከቃጠሎ በኋላ የማስተካከያ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ላይ ተቀብቶ ጠባሳውን አላሻሻለም። ከተቀቡት 16 በመቶው ቆዳቸው ተቆጣ። በ1999 ደግሞ 15 ሰዎች ላይ፣ የጠባሳውን ግማሽ በቫይታሚን ኢ ግማሹን ያለ እሱ ቀብተው አወዳደሩ። ሲሶዎቹ ሽፍታ ወጣባቸው፤ ከአስር ዘጠኙ ላይ ወይ ለውጥ የለም ወይ ብሶበታል።

ስለዚህ ብርሽን ያዢ።

ማር_ቆራጩ | ማክሰኞ ጠዋት

ወንድሜ ፋርማሲስት፣ ጥሩ ብለሃል፣ ግን ማሩን ዘለልከው። እኔ ንብ አናቢ ነኝ። ማር ራሱ አንቲኦክሲዳንት ነው እኮ! ጠቆር ያለው ማር ብዙ ጊዜ ከነጩ የበለጠ አለው። እናንተ አዲስ አበቤዎች ግን ነጩን በውድ ትገዙና ጥቁሩን ለጠጅ ትላላችሁ።

አባቴ በቀፎ ጭስ ማጨሻ እጁን ተቃጥሎ በማር ነው የዳነው። ምልክቱ ዛሬ አይታይም።

ሽሮ_በሚጥሚጣ | ማክሰኞ ጠዋት

የእኔ አያት ደግሞ ቅቤ ነበር የሚቀቡት። ምልክቱ እስከ ዛሬ ይታያል 😅

የመድኃኒት_ቤቱ_ሰው | ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

@ማር_ቆራጩ አልዘለልኩም፣ ለብቻው ቦታ ስለሚፈልግ ነው። ማር በእውነት ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮክሬን የሚባለው ቡድን 26 ጥናቶችን፣ ከ3,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉባቸውን፣ አንድ ላይ መርምሮ ነበር። መካከለኛ ጥልቀት ያለው ቃጠሎ በማር ሲታሸግ ከተለመዱት መሸፈኛዎች በአራት አምስት ቀን ቀድሞ ድኗል። ትንሽ ቅሬታ አለኝ፤ የቃጠሎዎቹ ጥናቶች በብዛት ከአንድ ህንዳዊ ሐኪም እጅ የወጡ ናቸው። ሌላ ሰውም ቢደግመው ደስ ይለኝ ነበር።

ግን ማር የሚሠራው «አንቲኦክሲዳንት ስለሆነ» ብቻ አይደለም። የሚገርመው ተቃራኒውንም ይሠራል። ንቧ የጨመረችበት ኢንዛይም አለ። ማሩ ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ሲቀጥን ያ ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማመንጨት ይጀምራል፣ ጥቂት በጥቂት። ጀርሙን የሚገድለው በዚህ ነው። ከስኳሩ ብዛት የተነሳ ደግሞ ውሃውን ይመጥበታል፤ አሲድነቱም ለጀርም አይመችም። በአንድ እጁ ይረጫል፣ በሌላው ያበርዳል። ፍሪ ራዲካልን ሙልጭ አድርጎ ማጥፋት ጥሩ ቢሆን ኖሮ ማር አይሠራም ነበር። ቁስል ትንሹን ይፈልገዋል።

(ይህን አንብቦ የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠርሙስ ቃጠሎ ላይ የሚያፈስ እንዳይኖር። የጠርሙሱ ብዙ ነው፣ አዲሱን ቆዳ ይገድለዋል።)

ሲስተር_ቲ | ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

ነርስ ነኝ፣ ቁስል ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ማሩ ልጨምር። ጥናቶቹ ላይ ያለው ማርና የገበያው ማር አንድ አይደሉም። ለሕክምና የሚዘጋጀው በጋማ ጨረር ጀርሙ የተገደለ ነው። የእኛ የገበያ ማር ውስጥ የአፈር ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፣ የንብ እግርም አለ፣ ስኳር የተደባለቀውንም ታውቁታላችሁ። ለማጣራት ብለው እሳት ላይ የሚያሞቁት ደግሞ ያ ወንድማችን ያለውን ኢንዛይም ይገድላሉ። @ማር_ቆራጩ ያንተን ማር አልሰደብኩም 😊

የጉለሌዋ፣ አንቺን ግን ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። እማማ ስኳር አለባቸው? የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስደዋል? ያ ነጣ ያለው ቦታ በንጹህ ጎዝ ጫን ስትዪውና ስትለቂው ቀለሙ ይለዋወጣል ወይስ እንደነጣ ይቀራል?

ማር_ቆራጩ | ማክሰኞ ከሰዓት

የእኔን ማር ማንም በእሳት አላሞቀውም!! ስኳር የሚደባልቁት ነጋዴዎች ናቸው እንጂ አናቢ አይደለም።

ከሪያድ | ማክሰኞ ከሰዓት

እኔ እዚህ ሳዑዲ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በረመዳን ሳምቡሳ ስጠብስ ዘይት ክንዴ ላይ ተረጨብኝ። ማዳሟ በረዶ አምጥታ ልትይዝብኝ ስትል እንቢ ብዬ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። አንድ ጊዜ የጤና ትምህርት ሰምቼ ነበር፣ እሱ ነው ያተረፈኝ።

ከዚያ ከፋርማሲ ሜቦ የሚባል ቅባት ተገዛልኝ። እዚህ የሌለበት ቤት የለም። ሽታው የሰሊጥ ዘይት ነው። ዳነልኝ፣ ምልክቱ በጣም ትንሽ ነው። አገር የሚገቡ ልጆች ሁሉ ሻንጣቸው ውስጥ ይከታሉ። እሱስ አንቲኦክሲዳንት ነው?

የመድኃኒት_ቤቱ_ሰው | ማክሰኞ ከሰዓት

ሜቦ የሰሊጥ ዘይት፣ ሰም እና ቤታ ሲቶስቴሮል የሚባል ከዕፅዋት የሚገኝ ነገር አለው። አዎ፣ አንቲኦክሲዳንት ይባላል። ሲንጋፖር ውስጥ በ115 ታካሚዎች ላይ ከተለመደው ሕክምና ጋር ተወዳድሮ ውጤቱ ተቀራራቢ ነበር። መጥፎ አይደለም ማለት ነው፣ ተአምርም አይደለም። የእኔ ግምት አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ቅባትነቱ ነው፤ ቁስሉን አያደርቀውም። የረጠበ ቁስል ላይ አዲሱ ቆዳ ከዳር ወደ መሃል በቀላሉ ይሄዳል። እኛ «አየር ያግኘው፣ ይድረቅ» ስንል የኖርነው ተሳስተን ነው።

አንቺን ያዳነሽ ግን ቧንቧው ነው።

ቀበና_ማዶ | ማክሰኞ ማታ

ቧንቧ ስትሉ... እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። እና ቃጠሎውን በፈረቃ እናድርገው?

ሲስተር_ቲ | ማክሰኞ ማታ

@ቀበና_ማዶ ጥያቄህ የቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር ነው። 20 ደቂቃ ሙሉ ነው የሚባለው። ቧንቧ ከሌለ ከጄሪካን በጆግ እየቀዱ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ነው። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበል። እጅ ወይም እግር ከሆነ ንጹህ ሳፋ ውስጥ መንከርም ይቻላል። ወዲያው ቢሆን ይመረጣል፣ ግን እስከ ሦስት ሰዓት ዘግይቶም ይጠቅማል። በረዶ አይሆንም፣ ደም ሥሩን አጥብቆ ያንን ያልለየለትን ክብ ይገድለዋል። ቀለበት፣ ካልሲ፣ አምባር ቶሎ ይውለቅ፤ የተጣበቀውን ግን አትጎትቱ። ሕፃንና አዛውንት ከሆኑ ቁስሉን ስታቀዘቅዙ ሌላውን ገላ በጋቢ ሸፍኑ፣ እንዳይበርዳቸው።

ሰዉ ስለ አንቲኦክሲዳንት ሲያወራ ይገርመኛል። ያ ግርፊያ ከመጀመሩ በፊት የሚያቆመው ነገር ውሃ ነው። በብር አይሸጥምና ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ የለውም።

የጉለሌዋ፣ መልስሽን እየጠበቅኩ ነው።

የጉለሌዋ | ማክሰኞ ማታ

ይቅርታ ሲስተር፣ ሥራ ቦታ ነበርኩ። አዎ ስኳር አለባት፣ ስድስት ዓመት ሆናት። ስለ ቅባቱ ብቻ ስለጠየቅኩ አልጻፍኩትም። ክትባት አልተሰጣትም፣ ማንም አልጠየቀንም። ነጩን ቦታ አሁን ጫን ብዬ አየሁት። ምንም አይለወጥም። እንደ ሰም ነው። ጫን ስለው እንኳ አልተሰማትም።

ሲስተር_ቲ | ማክሰኞ ማታ

እህቴ፣ ነገ ጠዋት ውሰጃቸው። ዛሬ ሌሊት ካተኮሳቸው፣ ወይም ቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ፣ ወይም ከሸተተ፣ ነገን አትጠብቂ።

የማያም ቃጠሎ ከሚያመው ይብሳል። ነርቩ አብሮ ተቃጥሏል ማለት ነው። በዚያ ላይ የስኳር እግር ከመጀመሪያውም ብዙ አይሰማም፣ ደም ዝውውሩም ደካማ ነው። እግር ላይ፣ ስኳር ላይ፣ ነጭ ቦታ ያለበት። ይህ በማንኛውም ቅባት የሚጠበቅ አይደለም፣ በማርም አይደለም። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለው፣ አቤት ሆስፒታልም አለ። ሪፈር ጻፉልኝ ብለሽ ክሊኒኩ ጋ አትንከራተቺ፣ በድንገተኛ ግቢ።

ምንም ቅባት ሳትቀቢ ንጹህ ጎዝ ሸፍነሽ ውሰጃቸው። ነጭ ቅባት ሲኖርበት ሐኪሙ ጥልቀቱን ማየት ይቸገራል።

የመድኃኒት_ቤቱ_ሰው | ማክሰኞ ማታ

ሲስተር ያለችውን አድርጊ። እኔ ራሴ ስለ ቫይታሚን ሳወራ ስኳር ሳልጠይቅሽ መቅረቴ አሳፍሮኛል። መጠየቅ ነበረብኝ።

ስለ ነጩ ቅባት፦ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን ይመስለኛል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዓለም ሁሉ ሲጠቀምበት የኖረ ነው። ጀርም ይከላከላል፣ ግን ቁስሉ ቶሎ እንዲዘጋ አያደርግም፤ ከአዳዲሶቹ መሸፈኛዎች ጋር ሲወዳደር የሚዘገይ ነው። ሰልፋ ያለበት መድኃኒት የማይስማማው ሰው፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ሕፃን ደግሞ ሐኪም ሳያዝ አይቀባ።

ሽሮ_በሚጥሚጣ | ረቡዕ ጠዋት

የጉለሌዋ ሄዳችሁ? ንገሪን እባክሽ።

እሬት_አፍቃሪ | ሐሙስ

አርፍጄ መጣሁ ግን ስለ እሬት ማንም አላነሳም! እኔ ቃጠሎ ላይ ከበረንዳዬ ቆርጬ ነው የምቀባው።

ሲስተር_ቲ | ሐሙስ

እሬትም ጥናት አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 አራት ጥናቶች፣ 371 ሰው፣ ተደምረው ሲታዩ ዘጠኝ ቀን ያህል ያፈጥናል ይላል። ጥናቶቹ ግን ትንንሽና የተለያዩ ናቸው፣ ዘጠኝ ቀኑን እንደ ቃል ኪዳን አትያዢው። ሌላው ነገር፣ በረንዳሽ ላይ ያለው የትኛው ነው? አገራችን ውስጥ ብዙ ዓይነት እሬት አለ፤ ጥናቱ የተሠራው አሎ ቬራ በሚባለው ነው። ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ መራራ ውሃ፣ እናቶች ጡት ለማስጣል የሚቀቡት፣ ቆዳ ያሳክካል። የሚፈለገው መሃል ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነው። ቆዳው ላልተላጠ፣ ቀልቶ ብቻ ለቀረ ቃጠሎ ይሁን፤ ያበርዳል። ክፍት ቁስል ላይ ከበረንዳ ተቆርጦ የመጣ ነገር አይቀመጥም።

የጉለሌዋ | ከአራት ሳምንት በኋላ

ዝም ስላልኩ ይቅርታ። ሆስፒታል ነበርን።

በዚያው ጠዋት ይዣት ሄድኩ። ስኳሯ ሲለካ 280 ነበር። ክትባቱንም ሰጧት። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ አብዛኛው ላይ ላዩን ነው፣ በራሱ ይዘጋል አለ። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ግን እስከ ታች ነው። የሞተውን ቆርጠው አወጡት፤ ስኳሯ እስኪስተካከል ጠብቀው ከጭኗ ስስ ቆዳ ወስደው ለጠፉበት። ቦታው የአንድ ብር ሳንቲም ቢያክል ነው። «ሌላ ሁለት ሳምንት ቤት ብትቆይ ስለ ቆዳ ሳይሆን ስለ ጣቱ ነበር የምናወራው» አለኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ቤት ጎዙን ስቀይርላት ደርቆ ተጣብቆ ነበር የማገኘው። እንደምንም ጎትቼ አነሳዋለሁ፣ እሷ ትጮሃለች፣ ደም ይመጣል። ያ ደም አዲሱ ቆዳ ነበር ለካ። እዚያ ያለችው ሲስተር በሳሊን (በንጹህ የጨው ውሃ) አርሳው አምስት ደቂቃ ዝም ብላ ጠበቀች። ከዚያ እንጀራ ከምጣድ እንደምናነሳው ዳር ዳሩን አላቅቃ ቀስ ብላ ወሰደችው። እማዬ እያወራች ነበር፣ መነሳቱንም አላወቀችም። ከታች ያለው ሮዝ፣ የሚያበራ ነገር ነበር። ከዚያ የቫዝሊን ጎዝ አለበሰችው። 2,400 ብር አልነበረም።

አሁን ተዘግቷል። ቀለሙ ነጣ ብሎ ቀርቷል፣ ከጊዜ ጋር ይመለሳል ብለውናል። ለአሁኑ ፀሐይ እንዳያገኘው በካልሲ ሸፍኑት፣ ቫዝሊኑንም አታቋርጡ አሉን።

ሻጩን በተመለከተ፣ «ስኳር ላለበት ሰው እግር ይሆናል ወይ?» ብዬ ጻፍኩለት። «ለሁሉም ይሆናል እህቴ፣ ስንት ልላክልሽ?» አለኝ። ነገሩን ስነግረው አገደኝ።

ሲስተር_ቲ | በዚያው ቀን

እግዚአብሔር ይመስገን! ጣቶቻቸውን በየቀኑ እንዲያንቀሳቅሱ አድርጊ፣ ጠባሳው እንዳይጨማደድና እንዳይጎትት። ማታ ማታ እግራቸውን ከታችም ከመሃል ጣትም እዪላቸው፤ ስኳር ያለበት እግር ሲቆስል ራሱ አይናገርም።

ማር_ቆራጩ | በዚያው ቀን

እንኳን እማማን ማረልን። ግን ያን ጊዜ ማር ገዝተሽ ነበር እንዴ?

የጉለሌዋ | በዚያው ቀን

ቀበና_ማዶ እንደጻፈ በማግስቱ ገዝቼ ነበር፣ ሲስተር ሳትመልስልኝ። አንድ ኪሎ። ቁስሉ ላይ ሳይደርስ ሆስፒታል ገባን። ስንመለስ ማሰሮው ግማሽ ሆኗል። «ድመት ናት» አለች እማዬ። ድመት የለንም። ቀሪውን ለጎረቤት ልጆች ሰጥቼዋለሁ።